አምባዛ፣ ወንድ፣ ስልሳ አንድ ኪሎ

በእኛ ወደብ ቢላዋ ከመመዘዙ በፊት ይለቀሳል። ሕጉ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ታንኳዎቹና ጀልባዎቹ ይገባሉ፤ ዓሣው እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ይደረደራል፤ እኔ እያንዳንዱን በመመዝገቢያው ሰሌዳ ላይ እመዘግባለሁ፤ ከዚያ እትዬ ሶሊያና ነጠላዋን አዘቅዝቃ ትነሳና ታለቅሳለች። ለአንድ ዓሣ ሁለት ስንኝ ይፈቀዳል። ዓሣ አጥማጆቹ ተሰልፈው ደረታቸውን ይመታሉ፣ ደንቡ እንደሚለው «ጉዳት በማያደርስ ኃይል»። ሲያበቃ አረንጓዴው መብራት ይበራል፣ «የተለቀሰለት» የሚል ማኅተም ይወጣል፣ ሆድ መቅደድ ይጀመራል።

ኪሩቤል እባላለሁ። የሥራ መደቤ «የሐዘን መዝጋቢ» ነው። አሥራ አንደኛ ዓመቴን ይዣለሁ።

ነገሩ የተጀመረው ዓሣ እንደሚያስብ፣ እንደሚያስታውስ፣ እንደሚፈራና እንደሚከፋው በተረጋገጠ ጊዜ ነው። ያን ሰሞን ዓለም በሙሉ ተጨነቀ። አንዱ አገር ዓሣ መብላት ተወ፤ ሌላው ሳያሳምም የሚገድል መሣሪያ ፍለጋ ገባ። የእኛ ኮሚቴ ግን ስድስት ወር ተሰብስቦ የራሱን መፍትሔ ይዞ ወጣ። ስሜት ያለው ፍጡር ሲሞት ይለቀስለታል እንጂ ሌላ ምን ይደረግለታል? ደግሞም እኛ በቁሙ ዞር ብለን ያላየነውን ሰው ሲሞት ድንኳን ጥለን «ምን የመሰለ ሰው!» ስንል የኖርን ሕዝብ ነን። ዓሣውንም በዚያው በለመድነው መንገድ አከበርነው። በዚህ ክብር ምክንያት ከመረብ የተረፈ አንድም ዓሣ የለም። የውጭ አገር ገዢዎች ግን ማኅተሙን ሲያዩ ደስ አላቸው፤ እኛም ደስ እንዲለን ታዘዝን።

አባቶቻችን ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም እያሉ ሲከራከሩ ኖረዋል። ዛሬ ክርክሩ ዓሣው ራሱ ይጾማል ወይ የሚል ሆኗል። ሴቷ ቀረሶ ዓሣ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ስለምትከርም በዚያ ሰሞን ምንም አትቀምስም። የውሃ ፍጡራን ክብር ባለሥልጣን ይህንን ደረሰበትና «ጾመኛ» ብሎ መዘገባት። ጾመኛ ቀረሶ ስትያዝ ሁለት ስንኝ ይጨመርላታል። ከዚያ ትጠበሳለች።

ዓሣ ይሰማዋል ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ይሰማዋል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ዓይን ለዓይን ስንተያይ ኖረናል። እትዬ ሶሊያና የመጀመሪያውን «ዋይ!» ስትል ከወደቡ መቶ ክንድ ድረስ ሐይቁ ውስጥ አንድ ዓሣ አይቀርም። ድምጿን ለይተው ያውቁታል፤ ከድምጿ በኋላ ምን እንደሚመጣም ያውቃሉ፤ ልጆቻቸውንም ያስተማሩ ይመስለኛል። ባለሥልጣኑ ሽሽታቸውን በካሜራ አየና «የሟች ዘመዶች ለብቻቸው ለማዘን ወደ ጥልቁ ይሄዳሉ» ብሎ በዘገባው ላይ ጻፈ። ዓሣውማ ብልህ ነው። እኔ የምጠራጠረው የጻፈውን ሰው ነው።

ለሰው እንዴት እንደሚለቀስ ደግሞ ልንገራችሁ። ከጸጥታ ደንቡ ወዲህ ለሰው የሚለቀሰው በስልክ ነው። ድንኳን ቀርቷል። ጡሩምባ ነፊ ቀርቷል። ጮክ ብሎ ማልቀስ ጎረቤት ይረብሻል፣ ሠራተኛ ያዘናጋል ተብሎ ቀርቷል። ሰው ሲሞት ነጩ መኪና ይመጣል፤ ሟቹ በሃያ ደቂቃ ውስጥ አፈር ይለብሳል፤ ለዘመድ መልእክት ይላካል። የእንባ ምልክቷን ስትጫኑ «ሐዘንዎ ደርሶናል» የሚል መልስ ይመጣላችኋል። እናቴ የሞተች ጊዜ ደጋግሜ ተጫንኩ። ከሦስት በላይ አይቀበልም አለኝ። እስከ ዛሬ ያቺን አራተኛ እንባ የት እንደማደርጋት አላውቅም።

እትዬ ሶሊያና ሰባ አንድ ዓመቷ ነው። ስሟ ድሮ የሕፃን ስም ነበር፤ ዛሬ ሶሊያና የሚባል ሁሉ ምርኩዝ ይዟል፣ ሕፃናቱ ደግሞ ተዋበችና በላይነሽ ሆነዋል። በአካባቢያችን የቀረችው አንዲት ሙሾ አውራጅ እሷ ናት፤ ሙያውን ከአክስቷ ነው የተማረችው። ባለሥልጣኑ ሲቀጥራት ውል አስፈረማት። ድምጿ የመሥሪያ ቤቱ ነው፤ «ለሌላ ዝርያ መጠቀም ክልክል ነው» ይላል። ሌላ ዝርያ የተባልነው እኛ ነን። በወደቡ ዙሪያ የተሰቀሉት ማዳመጫዎች የተመዘገበ ዓሣ ሳይኖር ለቅሶ ከሰሙ ጠባቂዎች ይመጣሉ፤ አልቃሹም ወደማይመለስበት ይወሰዳል። ባለፈው ዓመት ልጇን ያጣች አንዲት ጎረቤታችን ተወስዳለች።

ስንኞቹም የእሷ አይደሉም። በመጀመሪያው ሳምንት የራሷን ገጥማ ነበር፤

ቅርፊቱ ያማረ ልብሰ ብርማው ጌታ፣
መጥበሻ ነው እንጂ ማን ጠራህ ለማታ።

ኮሚቴው «መጥበሻ» የሚለውን ቃል ሰረዘው። የሟችን ክብር ይነካል ተባለ። ከዚያ ወዲህ ግጥሙ ተጽፎ ይመጣላታል፤ እሷም የትምህርት ቤት ልጅ የቃል ጥናቱን እንደሚወጣ ትወጣዋለች።

ታላቅ ወንድሟ ጋሽ ዮፍታሔ እዚሁ ወደብ ዓሣ አጥማጅ ነበር። ጢሙ በአፉ ግራና ቀኝ የወረደ፣ ምላሱ የማይታሰር ሰው። ደረቱን እየመታ በሳቅ የሚንፈቀፈቀው እሱ ብቻ ነበር።

«ሶሊ» ይላታል፣ «ዛሬ ያመጣኋት ቀረሶ ከአጎታችን የበለጠ ተለቀሰላት እኮ!»

«አጎታችን በመረብ አልተያዘማ» ትለዋለች።

በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ግን ሳይስቅ አናገራት። እኔም አጠገባቸው ሚዛኑን እያጠብኩ ነበር።

«ስሚኝማ። እኔ ስሞት በስልክ እንዳታለቅሺብኝ። በአፍሽ አልቅሺልኝ። አንድ ቀን ለሰው ብታለቅሺ ጉሮሮሽ አይነቀል።»

«ተው ሟርትህን» አለችው። አለቅሳለሁ አላለችም፤ አላለቅስምም አላለችም።

ግንቦት አሥራ ሁለት ቀን ማክሰኞ ከባድ ነፋስ ነበር። ታንኳዋ ባዶዋን መጣች። ነፋሱ እየገፋ አምጥቷት ወደቡን ስትነካ መቅዘፊያው ውስጧ ተጋድሞ ነበር። ማቲያስና ሌሎች ሁለት ዓሣ አጥማጆች በሞተር ጀልባ ወጡ። ጋሽ ዮፍታሔን ያገኙት በራሱ መረብ ተጠቅልሎ ነው፤ መረቡ ውስጥ ዘጠኝ ቀረሶና ሁለት ነጭ ዓሣም ነበሩ። ሁሉንም አንድ ላይ ጎትተው አመጡና እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ አወጧቸው።

እትዬ ሶሊያና አልጮኸችም። የነጠላዋን ጫፍ ጠቀለለችና አፏ ውስጥ ከተተችው። ማዳመጫዎቹን ታውቃለች። ሰው እንደዚያ ሲሆን ማየት አልችልም፤ ፊቴን አዞርኩ።

አስከሬን ባየሁ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ነጩን መኪና መጥራት ግዴታዬ ነው። ስልኬን ሳወጣ እጄን ያዘችው፤ ጨርቁንም ከአፏ አወጣች።

«ኪሩቤል ልጄ፣ ቆይማ።»

«እትዬ፣ ካልደወልኩ እኔም አለቀልኝ።»

«ከደወልክ በኋላ ስንት ደቂቃ ይኖረኛል?»

«መኪናው አሥር ደቂቃ አይፈጅበትም።»

«መጮህስ?»

«ታውቂው የለም እንዴ፣ እትዬ።»

ወደ ሲሚንቶው አየች። ቀረሶዎቹ በጋሽ ዮፍታሔ ክንድና በጎኑ መሃል ተኝተዋል፤ አንዷ ገና አፏን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች።

«እነዚህን መዝግበሃል?»

«ገና ነኝ።»

«ስትመዘግባቸው ላለቅስላቸው ነው አይደል? ወንድሜ መሃላቸው ተጋድሞ እኔ ለቀረሶ ዋይ ዋይ ልል ነው?»

ሰሌዳውን በእጅጌዬ ጠረግኩት። ዝም ማለት የደመወዜ ግማሽ ነው።

«መዝግበው» አለች።

«ማንን?»

«ወንድሜን ነዋ!»

«እትዬ፣ ሰሌዳው ላይ ሰው የሚል የለም እኮ። ቀረሶ፣ ነጭ ዓሣ፣ አምባዛ፤ በቃ፣ ያለው ይኸው ነው።»

የወንድሟን ፊት ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ በጣቷ ጢሙን አስተካከለችለት።

«አምባዛ በለው» አለችኝ። «ጢም አለው።»

ማቲያስ ሳቀ። ሳቁን ሳይጨርስ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነና ተቀመጠ።

ጀግና አይደለሁም፤ እንዲህ ያለ ወሬ ስለ እኔ የሚያወራ ካለ ውሸት ነው። የታዘዝኩትን ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። ያን ዕለት ግን እናቴ ትዝ አለችኝ፣ ተናደድኩም። ንዴት ከድፍረት ጋር ይመሳሰላል። «አንሱትና ሚዛን ላይ አውጡት» አልኳቸው። ለአራት አነሱት። አምባዛ፣ ወንድ፣ ስልሳ አንድ ኪሎ ብዬ ጻፍኩ።

ሰሌዳው «ቤተሰብ አለው?» ሲል ጠየቀ። ሁልጊዜ «አይታወቅም» የምለውን ትቼ «እህት» አልኩ። ቀጥሎ «ሟች በመጨረሻ ሰዓቱ ምን ተሰማው?» ይላል። እስከዚያ ቀን «ፍርሃት» የሚለውን ነክቼ ነው የማልፈው፤ በቀን አርባ ጊዜ፣ አሥራ አንድ ዓመት። ለሰው ይህን የሚጠይቅ ቅጽ አይቼ አላውቅም። እናቴ ምን ተሰምቷት እንደነበር የጠየቀኝ የለም። ስለዚህ አንገቴን ቀና አድርጌ እትዬ ሶሊያናን ጠየቅኳት።

«ምን ተሰምቶት ይሆን?»

አሰበች። «ብርዱ» አለች። «ከልጅነቱ ብርድ አይወድም። እናታችን እሳት ዳር ነበር የምታስተኛው።»

ከዝርዝሩ ውስጥ ብርድ የሚል አልነበረም። «ሌላ» የሚለውን ነካሁና «በረደው» ብዬ ጻፍኩ።

የመጣው መልስ ግን እንደወትሮው አይደለም። ሰሌዳው ደወል አሰማና «የሐይቁ ሽማግሌ፣ የስንኝ ገደብ የለበትም» የሚል ጽሑፍ አወጣ። ከሃምሳ ኪሎ በላይ ለሆነ ዓሣ እንደዚህ ያለ ክብር መኖሩን ከዚያ ቀን በፊት አላውቅም ነበር፤ ሃምሳ ኪሎ የሚመዝን ዓሣ በወደባችን ታይቶ ስለማይታወቅ። ሰው ሆኖ ከመሞት አምባዛ ሆኖ መሞት እንደሚሻል ባለሥልጣኑ ቀድሞ አውቆታል ማለት ነው።

ማቲያስ ጋቢውን አምጥቶ ሬሳውን ሸፈነው። እትዬ ሶሊያና ተነሳች። ኮሚቴው የላከላትን ወረቀት ለአራት ቀድዳ ሐይቁ ላይ በተነችው፤ ከዚያ ድምጿን ለቀቀችው።

ታንኳህ ተመለሰች ብቻዋን በነፋስ፣
ምን ብዬ ልቀበል አንተ ሳትመለስ።

ሃምሳ ዓመት ሙሉ ውሃ የቀዘፈ፣
አንድ ቀን ሳይደክመው እንዴት ተሸነፈ።

ያንን ድምፅ በየቀኑ እሰማው ነበር፤ ለካስ አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም። ዓሣ አጥማጆቹ «ጉዳት በማያደርስ ኃይል» የሚለውን ደንብ ረሱት፤ የደረታቸው ድምፅ እስከ መንገዱ ይሰማል። ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች አጥሩ ዳር ቆሙ። ምን እንደሆነ ሲጠይቁ በሩ ላይ ያለው ጠባቂ «ትልቅ አምባዛ ሞቶ ነው» አላቸው። እነሱም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡና ማልቀስ ጀመሩ። አንዷ አባቷን ትጠራ ነበር፣ ሌላዋ ልጇን። ለዓሣ ስለሆነ የሚከለክላቸው አልነበረም።

ደወሉ የባለሥልጣኑ ቢሮ ድረስ ተሰምቶ ኖሮ ተቆጣጣሪዋ ወይዘሪት ተዋበች ሜትርና ካሜራ ይዛ መጣች። ሃያ ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው። የአገሪቱን ትልቁን አምባዛ ፎቶ ለማንሳት ነበር አመጣጧ። የደረሰችው እትዬ ሶሊያና ይህንን ስትል ነው፤

አምባዛ ነው በሉኝ ጻፉልኝ አምባዛ፣
የእናቴን ልጅ ለቅሶ በዓሣ ስም ልግዛ።

«አምባዛው የታለ?» አለችኝ ተቆጣጣሪዋ።

በእጄ አሳየኋት። ጋቢው አጭር ነው፤ የጋሽ ዮፍታሔ እግሮች ወጥተዋል። ሁለቱንም አየቻቸው። ቀጥላ ሰሌዳውን አየች፤ ቀጥላ እኔን። ለቅሶው በየተራ እየቀነሰ ጸጥ አለ።

«ደንቡን ላስታውሳችሁ» አለች ቀስ ብላ። «ሰው ከሆነ መኪናውን አሁን እጠራለሁ። እሱ ዛሬውኑ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ይቀበራል፤ እርስዎና እሳቸው ከእኔ ጋር ትሄዳላችሁ። አምባዛ ከሆነ ደግሞ የሐይቁ ሽማግሌ ነው። ሽማግሌ ቢላዋ አይነካውም፤ ወደ ውሃው ይመለሳል። ሦስተኛ የለም። የቱን ልጻፍ?»

ጭካኔ ይሁን ርኅራኄ አላወቅኩም። ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም፤ እንደዚያ ያለ ፊት ለማሠልጠን መሥሪያ ቤቶቻችን ብዙ ይደክማሉ።

ነገሩ ቀላል አልነበረም። እናትና አባታቸው የተቀበሩት እዚያው ግቢ ነው፤ ጋሽ ዮፍታሔም በየዓመቱ የመቃብራቸውን ሣር የሚያጭደው ራሱ ነበር። መቃብር የሌለው ሰው ሙት ዓመቱ ሲደርስ የት ይቆሙለታል? እትዬ ሶሊያና ወደ ወንድሟ ሄደች። ጎንበስ ብላ ጋቢውን ወደ እግሩ ሳበችው። እግሩ ሲሸፈን ፊቱ ተገለጠ።

«የኔ ልጅ» አለቻት ተቆጣጣሪዋን። «ወደ ውሃው ሲመለስ ማልቀስ ይፈቀዳል?»

«ለሽማግሌ ዓሣ? ይፈቀዳል።»

«እስከ መቼ ድረስ?»

«እስኪሰጥም።»

«እንግዲያው አምባዛ ነው» አለች።

ማቲያስ በወጣትነቱ ድቁና ነበረው። የፍትሐቱን ጸሎት የሚያስታውሰውን ያህል በለሆሳስ ደገመለት፤ የረሳውን ዘለለው። ጋሽ ዮፍታሔን በጋቢው ገንዘው፣ በመረቡ ጠቅልለው፣ የመረብ ድንጋይ አሰሩበትና ሁለት ጀልባ አጣምረው ወሰዱት። እኔና ተቆጣጣሪዋም ተሳፈርን፤ እሷ ሰዓት ትይዛለች፣ እኔ እመዘግባለሁ። ወደ ውሃው ሲለቁት እትዬ ሶሊያና ጀልባው ጫፍ ላይ ቆማ ነበር። ከተወለደበት ቀን ጀመረች። እሳት ዳር የሚተኛበትን፣ መጀመሪያ የቀዘፈበትን፣ ሚስቱን የቀበረበትን፣ እሷን ያሳቀበትን ቀን አንድ በአንድ አነሳችለት። ማዳመጫ የሚደርስበት ቦታ አልነበረም፤ ቢደርስም ግድ የላትም።

ጋሽ ዮፍታሔ ግን አልሰጠመም። ውሃው ላይ ትንሽ ዝቅ ይልና ይቆያል፣ እንደገና ትንሽ ዝቅ ይላል። ግማሽ ሰዓት አለፈ። አንድ ሰዓት ሞላ። ተቆጣጣሪዋ ሰዓቷን አየችና ወደ እኔ ጠጋ ብላ «ድንጋይ ታስሮበት የለም እንዴ? ምነው ቆየ?» አለችኝ።

«እንጃ» አልኳት።

ድንጋዩን ያሰሩት ማቲያስና ጓደኞቹ ናቸው። ዕድሜያቸውን መረብ ላይ ድንጋይ ሲያስሩ የኖሩ፣ የትኛው ቶሎ እንደሚወርድ በመዳፋቸው ብቻ ይዘው የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ወደቡ ላይ ከተከመረው ድንጋይ ውስጥ ሲመርጡ አይቻቸዋለሁ። ከባዱን እያነሱ መልሰው ያስቀምጡ ነበር፤ ያሰሩት ቀላል ቀላሉን ነው።